ዳገት ላይ ብቻ የምትጮህ መኪና

መጀመሪያ የሰማችው እናቴ ናት። ከባህር ዳር ወደ አዴት እየተመለስን ነበር። አባቴ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ስልኬን እነካካለሁ፣ እናቴ ከኋላ በሁለት ጎረቤቶቻችንና በአንድ ክምር ዕቃ መሃል ተጣብቃለች። መንገዱ ሽቅብ ማለት ሲጀምር «ኧረ እናንተ፣ ይቺ መኪና ቆሎ ትቆላለች እንዴ?» አለች። ሳቅን። አባቴ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርጎ ትንሽ አዳመጠና «ምንም የለም» አለ። ዳገቱ አለቀ፣ ድምፁም ጠፋ፣ እኛም ረሳነው።

ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ከቁም ነገር ባለመቁጠራችን ሞተር ለማስወረድ አንድ ሐሙስ ሲቀረን ነው የተረፍነው።

መኪናችን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። እኔ ከመወለዴ በፊት ከፋብሪካ የወጣች፣ አባቴ ገና አስተማሪ እያለ ተበድሮ የገዛት። ካርቡሬተር አላት፣ ኮምፒውተር የላትም። ቤታችን ውስጥ ያላት ሥራ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። እናቴን በየሦስት ወሩ ለስኳር ክትትል ባህር ዳር ታደርሳለች። ሌሊት ምጥ የያዛት የጎረቤት ሴት ጤና ጣቢያ አድርሳለች፤ ለቀስተኛ ጭና ገጠር ገብታ ጭቃ ውስጥ አድራለች። አዴት ከባህር ዳር ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም። ትራንስፖርት ቀጥ በሚልባቸው ቀናት ግን (ባለፉት ዓመታት ስንት እንደነበሩ የአካባቢው ሰው ያውቃል) 40 ኪሎ ሜትር በጣም ሩቅ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስማር መኪና በየዓመቱ ዋጋው የሚቀንስ ንብረት ነው ተብዬ ፈተና ላይም ጽፌ አልፌያለሁ። አባቴ ዲኤክሷን ዛሬ ቢሸጣት ከገዛበት ብዙ እጥፍ ያገኛል። እሷ ተሻሽላ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ያገለገሉ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸው ልክ ከባድ ታክስ ጫነ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለፓርላማ አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፣ መለዋወጫም አብሮት ሮጠ። በአጭሩ፣ መንገድ ላይ የምታዩዋቸው አሮጌ የቤንዚን መኪኖች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። አዴት ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የት ቻርጅ ይደረጋል የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ወደ ድምፁ ልመለስ። በሁለት ወር ውስጥ አባቴም «ምንም የለም» ማለት አቆመ። ባህር ዳር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኗን ከፈተ፣ ቆማ ሳለ ሁለት ሦስቴ ቤንዚን ሰጣትና ራሱን ነቀነቀ። «ቢዬላ ናት» አለ። ቢዬላ ፒስተኑን ከታች ካለው ክራንክሻፍት ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ስስ ብረት ሲበላ ክፍተት ይፈጠርና ሞተሩ በዞረ ቁጥር ኳ ኳ ይላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ሞተር ይወርዳል። የነገረን ዋጋ አባቴ የዓመት ጡረታውን ምንም ሳይነካ ቢያጠራቅም የማይሞላ ነበር።

ሁለተኛው ጋራዥ ሳቀብን። «ማነው ቢዬላ ያላችሁ? ባልቦላ ናት እንጂ!» ባልቦላ ሞተሩ አየርና ነዳጅ የሚያስገባበት፣ ጭሱን የሚያስወጣበት በር ነው። ከላይ የሚገፋው ብረትና ባልቦላው መሃል በሚሊ ሜትር አስረኞች የሚለካ ክፍተት መኖር አለበት። ሲሰፋ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ልክ እንደ ስፌት መኪና። አስተካከለልን፤ ዋጋውም አልጎዳንም። በሚኒሞ፣ ማለትም ቆማ ስትሠራ፣ እውነትም ዝም አለች። አባቴ ደስ ብሎት ወደ አዴት ነዳ። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ቆሎው ተጀመረ።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት። ምን ላድርግ፣ ስልክ አለኝ፣ ዩቲዩብ አለኝ፣ አዲስ አበባ ደግሞ መካኒካል ምህንድስና ተምሮ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ኮፈኗን ከፍቼ ደወልኩለትና ስልኬን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ። «ምንም አይሰማኝም» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርን። በኋላ ነው የገባን፦ ስልክ ስንደውል ስልኩ የሰውን ድምፅ ለይቶ ሌላውን ጫጫታ ለማፈን ይሞክራል። ለስልኩ የኛ ሞተር ጫጫታ ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ስትጮህ ለሰው ማሰማት ከፈለጋችሁ አትደውሉ፣ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩ። ተቀባዩም በጆሮ ማዳመጫ ይስማው፤ የስልክ ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ውጦ ቀጭኑን ብቻ ስለሚያወጣ በጣም አደገኛውን ኳኳታ ሊደብቅ ይችላል።

ጓደኛዬ አንድ የቁጥር ጨዋታ አስተማረኝ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከዊንጭ ይልቅ የሚመቸው ይሄ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል። ባልቦላዎቹን የሚገፋው ዘንግ የሚዞረው በግማሽ ፍጥነት ነው፣ በደቂቃ 400። አንድ ባልቦላ ቢያንኳኳ በሰከንድ ወደ ሰባት ጊዜ ነው ማለት ነው። የተበላ ቢዬላ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚመታ በሰከንድ ወደ 13 ይደርሳል። በጆሮ መቁጠር አይቻልም፣ ግን ቪዲዮውን በሩብ ፍጥነት ብታጫውቱት አንዱ በሰከንድ ሁለት የማይሞላ፣ ሌላው ከሦስት የሚበልጥ ይሆናል። ይሄ ይቆጠራል። (በጭስ ማውጫው መጋጠሚያ የሚያፈተልክ ጭስም በግማሹ ፍጥነት ቸክ ቸክ ስለሚል ከባልቦላ ጋር ይምታታል፤ እሱ ግን ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይብስና ብረቱ ሲሞቅ ይቀንሳል።)

ሌላው የቢዬላ ምርመራ ጋራዦች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ለአፍታ መንቀል። ያ ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ፒስተኑ ቢዬላውን በኃይል መግፋቱን ያቆማል፤ ችግሩ እዚያ ከሆነ ኳኳታው ወዲያው ይለዝባል። አራቱንም አንድ በአንድ መሞከር ነው። በባዶ እጅ ግን እንዳትነኩት፣ ያስፈነጥራል። ከእኔ ስህተት ተማሩ።

የኛን ሞከርን፣ ምንም ለውጥ የለም። ቪዲዮውን ቆጠርን፣ የሚቆጠር ነገር ጠፋ። ጓደኛዬ «መኪናችሁ ጤነኛ ናት» አለኝ። እኔም ለአባቴ «ጤነኛ ናት» አልኩት። እናቴ ከማጀት «እስኪ ጤነኛዋን ይዘህ ዳገቱን ውጣ» አለች።

አባቴ ተስፋ ቆርጦ ሊሸጣት ወሰነ። ከፍኖተ ሰላም አንድ ገዥ መጣ፣ ሜዳ ላይ ነዳት፣ ወደዳት፣ ዋጋም ተቀራረቡ። ታናሽ ወንድሜ በጆሮዬ «ብቻ ወደ ዳገት እንዳይወስዳት» አለኝ። አባቴ ቡናው ሲቀርብ ሰውየውን «ወንድሜ፣ ዳገት ላይ ትጮሃለች፤ ለምን እንደሆነ አላወቅንም» አለው። ሰውየው ቡናውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። አልተመለሰም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የጆርጅ አከርሎፍን ጽሑፍ አንብቤ ነበር፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመውን። ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ነው። አሜሪካኖች ስውር ችግር ያለባትን መኪና «ሎሚ» ይሏታል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዥው አያውቅም፤ ገዥው ስለማያውቅ ለጥሩዋም ለመጥፎዋም የሎሚ ዋጋ ነው የሚሰጠው፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ውስጥ ሎሚ ብቻ ይቀራል። ጽሑፉን ሦስት የታወቁ መጽሔቶች መልሰውበታል። እሱን ጨምሮ ሦስት ምሁራን በዚሁ ዓይነት ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። እኔ ያኔ ለፈተና ነበር ያጠናሁት። አባቴ ግን እውነት ተናግሮ ገዥ ሲያጣ በዓይኔ አየሁት።

ሞተሩን ለማስወረድ ወሰንን። ብድር መጠየቅ ተጀመረ። በዚህ መሃል ነው አንድ ጎረቤት «ለምን ባለወፍጮውን አታማክሩም?» ያለው።

ባለወፍጮው አዴት ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ የወፍጮ ሞተርና ትራክተር ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋራዥ የላቸውም። መኪና አይነኩም ሲባል ሰምቼ ስለነበር ብዙም አልጠበቅሁም። መጡ፣ ኮፈኗን እንኳ አልከፈቱም። ያልጠበቅሁት ጥያቄ ጠየቁ፦

«መቼ ነው የምትጮኸው?»

«ዳገት ላይ» አለ አባቴ።

«ቆማስ?»

«ቆማ የለም።»

«ታዲያ ቆማ ምን ሊያዳምጡ ወሰዷት?»

ዝም አልን። ለካ ሁለቱም ጋራዦች፣ እኔም ከነስልኬ፣ ቆማ የምታሰማውን ድምፅ ነው ስንመረምር የከረምነው። ሁለተኛው መካኒክ አልዋሸም፤ ባልቦላዋ ልክ አልነበረም፣ አስተካከለው። እኛን ያስጨነቀን ድምፅ ግን ሌላ ነው። ጋራዥ ውስጥ ዳገት የለም።

«ድምፁ ምን ይመስላል?» አሉ ቀጥለው። እኔ በዩቲዩብ ቋንቋ ማብራራት ጀመርኩ። እናቴ አቋረጠችኝ፦ «ጋሼ፣ ምጣድ ላይ ሽንብራ ሲቆላ ጠጣ ጠጣ እንደሚለው ነው።» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እሜቴ፣ እርስዎን ነበር መጀመሪያ መጠየቅ።»

ተሳፍረን ወጣን። ዳገቱ ላይ አባቴን በአራተኛ ማርሽ ዝግ ብሎ እየሄደ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ እንዲሰጣት አደረጉት። ሽንብራው ተቆላ። «አሁን ማርሽ ቀንስ።» በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ድምፁ ጠፋ። «ቢዬላ ብትሆን ማርሽ ስለቀነስክ አትተውህም ነበር። የቢዬላ ድምፅ ወፍራም ነው፤ እግርህን ከቤንዚኑ ላይ ስታነሳም ይመጣል። ይሄ ድምፅ ከብረት አይደለም፣ ከእሳት ነው።»

ከእሳት ነው ያሉትን ላብራራ። ጤነኛ ሲሊንደር ውስጥ ካንዴላው ብልጭ ሲል ነዳጅና አየሩ ከአንድ ጫፍ ተነስቶ እየተስፋፋ ይነዳል፣ ድንገት አይፈነዳም። ነዳጁ ደካማ ከሆነ ወይም ብልጭታው ከሚገባው በላይ ከቀደመ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ክፍል በግፊቱና በሙቀቱ ብቻ በራሱ ይፈነዳል። የፍንዳታው ግፊት የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ደወል ይመታዋል። ቆሎው እሱ ነው። የሚብሰው ደግሞ ሞተሩ ዝግ ብሎ እየዞረ ብዙ ሲሸከም ነው፤ ሰው ጭኖ ሽቅብ ማለት ነው። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዴት ደግሞ ከ2,200 በላይ። መኪናችን ስትሄድ ዝም ብላ ስትመለስ የምትጮኸው ለዚህ ነበር። ዘመናዊ መኪኖች ይህን የሚያዳምጥ ኖክ ሴንሰር አላቸው፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ብልጭታውን ያዘገይና ድምፁን ያጠፋዋል፣ ሹፌሩ የሚያየው «ጉልበት አጣች» ብቻ ነው። የዲኤክሷ ኖክ ሴንሰር እናቴ ነበረች።

ዓለም ለዚህች ድምፅ ብዙ ከፍሏል። በ1921 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ቤንዚን ላይ እርሳስ ያለበት ውህድ ጠብ ቢደረግ ሞተር እንደማያንኳኳ ደረሰበት። እርሳስ መርዝ መሆኑ ያኔም ይታወቅ ነበር። ቢሆንም ቀላቀሉት፣ ሸጡት፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ተነፈሰው፤ በዓለም ላይ የመጨረሻው የእርሳስ ቤንዚን መሸጥ ያቆመው በአልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ማለት ነው፣ ሞተር ቆሎ እንዳይቆላ።

ከዳገቱ ስንመለስ ሽማግሌው ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቁ። «ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማደያ ቤንዚን ሲኖር ሰልፍ ነው፤ ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር። በ2017 የማደያው ዋጋ ራሱ በሊትር መቶ ብርን አለፈ፤ የጠርሙሱን አትጠይቁኝ።

ሽማግሌው ነጭ ወረቀት አስመጡ። ከጠርሙሱ ጠብ አድርገው ጥላ ውስጥ አስቀመጡት፣ እሳት ከሌለበት ርቀት ላይ። ንጹህ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። የኛ ተነነ ተነነና መሃሉ ላይ የቅቤ ጠብታ የመሰለ ወዝ ቀረ። እናቴ አንስታ አሸተተችው። «ኩራዝ! የኩራዝ ሽታ ነው እኮ!» ላምባ ነው። ላምባ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ሞተሩ ይሠራል፣ ይሄዳል፣ ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ግን በግፊት በራሱ ቶሎ ስለሚቀጣጠል ዳገት ላይ ያጋልጣል።

አከርሎፍ እንደገና መጣብኝ፣ በዚህኛው ዙር ከነጠርሙሱ። መንገድ ዳር አምስት ሻጭ ተደርድሯል እንበል። አንዱ ንጹህ ይሸጣል፣ አራቱ ይቀላቅላሉ። ገዥው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው የሚከፍለው። ንጹህ የሚሸጠው ትርፉ ትንሹ ነው፣ ነገ ወይ ይቀላቅላል ወይ ይተወዋል። ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም፣ ሒሳቡ ብቻውን ያደርገዋል። ሎሚዋ መኪናችን መስላን ነበር፤ ሎሚው ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

ጥፋቱ ግን የሻጭ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ዲስትሪቢውተሯን አይተው «ይሄን ማን አስቀደመው?» ሲሉ አባቴ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዓመት በፊት «ጉልበት ይኑራት» ብሎ ታይሚንጉን ወደፊት አስደርጎት ነበር። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ማስቀደም ያስኬዳል፣ ንጹህ ቤንዚን እስካለ ድረስ። ላምባው ሲጨመርበት ግን ሁለቱ ተደጋገፉ። ሽማግሌው የነበረበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ቡሎኑን አላልተው ጥቂት ወደኋላ አዞሩት። ሥራው የቡና ሦስት ዙር አልፈጀም። የተቀበሉት ገንዘብ የአንድ ጀሪካን ቤንዚን ዋጋ አይሞላም።

ማታ ተኝቼ ያሰብኩት ነገር አሁንም ይረብሸኛል። ሞተሩን አስወርደን ቢሆን ኖሮስ? ሲያድሱት የፒስተኑ አናት ላይ የተጋገረውን ካርቦን ይጠርጉታል፤ ካርቦን ራሱ ለዚህ ድምፅ አንዱ መነሻ ነው። መልሰው ሲገጥሙ ታይሚንጉንም እንደ አዲስ ያስተካክሉታል። በአዲስ ሞተር ላይ የሠፈር ቤንዚን አንጨምርም ብለን ለጥቂት ሳምንት ማደያ እንሰለፋለን። ድምፁ ይጠፋ ነበር! አባቴ መካኒኩን ይመርቃል፣ መካኒኩም «ቢዬላ ነው ብያችሁ ነበር» ይላል፤ ከልቡ። ማንም እንደተሳሳተ አያውቅም፣ እሱም ጭምር። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1973 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፈዋል፦ ከገዛችሁት በኋላም ያስፈልጋችሁ እንደነበር የማታውቁት አገልግሎት አለ፣ አንዱ ምሳሌያቸውም የመኪና ጥገና ነው። እምነት ብቻ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ መካኒኩን ሌባ ብዬ አልጽፍም። ቆማ የሰማትን መኪና በሚያውቀው ነገር ተረጎማት።

እኔ ከዚህ ወዲህ መኪና ሲጮህ የማደርገው በመፍራት ቅደም ተከተል ሳይሆን በወጪ ቅደም ተከተል መሄድ ነው። ዘይት ማየት ነፃ ነው፤ ዘንጉን አውጥቶ መጥረግ፣ መልሶ ማስገባት፣ ማየት። ብዙ ቀጭ ቀጭታ ከዘይት ማነስ በላይ ምንም አይደለም። ጠዋት ስትነሳ ሲጢጥ የምትል መኪና ቺንጋዋ ላልቶ ወይም ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ውኃ ጠብ ሲደረግበት ድምፁ ለአፍታ ከተለወጠ ፍንጭ ነው። እየዞረ የሚያጉረመርም ነገር ካለ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን የውኃ ፖምፓው ወይም የዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮ አጥንት ላይ አድርጎ ኩሽኔታውን ማዳመጥ ይቻላል፤ ነጠላና ፀጉር ከሚዞር ነገር ይራቅ ብቻ። ቤንዚኑን ወረቀት ላይ መሞከር የአንድ ገጽ ዋጋ ነው። ታይሚንግ፣ ባልቦላ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሞተር ማውረድ የሚነሳው።

በዚህ ቅደም ተከተል የማይገዛ አንድ ነገር አለ። ቀይ የዘይት መብራት በርቶ ወፍራም ኳኳታ ከሰማችሁ ዳገትም ቁልቁለትም አትጨርሱ፣ እዚያው አጥፉት። የተበላ ቢዬላ ሲሰበር ሞተሩን በስቶ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር አይኖርም። ያኔ አስጎትቱ። ሞተር ይወርዳል ያላችሁ መካኒክም ያኔ ትክክል ነው።

የኛ ነገር ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ታይሚንጉ ወደኋላ ስለተመለሰ ጉልበቷ ቀንሷል፣ ነዳጅም ትንሽ ትበላለች፤ አባቴ በዚህ እስካሁን ያማርራል። ማደያ ቤንዚን ሲመጣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ ይሰለፋል። ሳይመጣ ሲቀር ወደ ጠርሙሱ መመለሱ አይቀርም፣ ግን አሁን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ወረቀት አለ። ሻጮቹ መጀመሪያ ተቆጡት። አንዱ አሁን ሲያየው ሌላ ጠርሙስ ከኋላ አውጥቶ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ይሄኛው» ይለዋል። ለሌላው ሰው የትኛውን እንደሚሸጥ አባቴ አልጠየቀውም።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ከቀጠሮዋ ስንመልሳት ዳገቱ ላይ ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ሽንብራ የለም። ወንድሜ ሊያጨበጭብ ሲል እናቴ እጇን አነሳች።

«ቆይ፣ ከታች በኩል፣ ወደ ኋላ ጎማው፣ ሌላ ነገር ይሰማኛል።»

አባቴ ሬዲዮኑን አጠፋው።